ጥያቄና ቅጣት፦ የተማሪ ድምፅ በትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ

(በቁይ ከተማ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሳችን ተማሪ በትምህርት ቤት ውስጥ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱና ትምህርት ቤት ሥርዓት የማስከበር ኃላፊነቱ በአገራችን ታሪክ እንዴት ሲጋጩና ሲታረቁ እንደ ኖሩ ይመለከታል። የታሪክ ሰው ከሰነድ መጀመር ልማዱ ነው፤ እኔ ግን ለዛሬ ከራሴ ልጀምር።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ እሠራ ነበር። ትምህርት ቤቱን በስሙ አልጠራውም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው ባነበብሁት አጭር ጽሑፍ፣ ለውኃ ቧንቧ ማስጠገኛ ተብሎ ከየተማሪው የተሰበሰበው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ጠየቅሁ። በጽሑፉ ውስጥ ስድብ አልነበረም፤ የማንም ስም አልተነሣም። በማግሥቱ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ከሰልፍ ተጠርቼ ተንበረከክሁ፤ ከዚያም «ወላጅህን ይዘህ ና» ተባልሁ። አባቴ የጤፍ አረሙን ጥሎ፣ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ መጣ። ጋቢውን አደግድጎ ከርእሰ መምህሩ ፊት ቆመ። ልጁ «ሥርዓት የለሽ» መሆኑ ተነገረው። እርሱም ልጁ ምን እንደተናገረ እንኳ ሳይጠይቅ፣ «ይቅር በሉልኝ፤ ልጅ ነው» ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ያለኝን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳወጣ ሳወርደው የኖርሁትን ጥያቄ ላስቀድም። የተቀጣሁት በምን ጥፋት ነው? አርፍጄ አልነበረም፤ ጓደኛዬን አልደበደብሁም፤ መስኮት አልሰበርሁም። የተቀጣሁት በጠየቅሁት ነገር ነው። የጠባይ ጥፋትና የንግግር «ጥፋት» በአንድ ስም ተጠርተው፣ በአንድ መዝገብ ተጽፈው፣ በአንድ ዓይነት ቅጣት ተቀጡ። የዛሬው ንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ እነዚህን ሁለቱን መለየት ያቃተው ትምህርት ቤት ሥርዓትን አያገኝም፤ ከግቢው ያባረረውን ጥያቄ ከአጥሩ ውጭ፣ ገዝፎና መርሮ ያገኘዋል። ይህን የአገራችን ታሪክ ደጋግሞ አሳይቶናል።

ባህላችን በዚህ ረገድ ሁለት ልብ ነው። አበው «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል። እነዚያው አበው ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ሁለቱም ምሳሌዎች በአንድ ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ አባት አንደበት ይነገራሉ። ስለዚህ የመናገር ነፃነት ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር ነው የሚለውም፣ ባህላችን ከጥንቱ ነፃነት ብቻ ነበር የሚለውም ልክ አይደለም። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ይበቃናል።

ከእኛ ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በደብረ ኤልያስ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ የተማረው ተማሪ በሁለት ዓይነት ሕግ ሥር ይኖር ነበር። አንደኛው የአለንጋ ሕግ ነው። ትምህርት ጠልቶ የኮበለለ ልጅ ሲያዝ እግሩ የሚታሰርበት ጊዜ ነበር፤ ኩርኩምና ጅራፍ ደግሞ የዕለት ተዕለት ነገር ነበሩ። ይህን ማስዋብ አይገባም። ሁለተኛው ግን የጉባኤው ሕግ ነው። ተማሪው ጉባኤ ቃናውን ወይም መወድሱን ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ፣ ከአንደበቱ የወጣው ቅኔ ቢሰበር ይታረማል፤ ምሥጢሩ ቢጎድል ይሟላል፤ ከመምህሩ የተለየ መንገድ ቢይዝ «ከየት አመጣኸው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ ካጠገበ ይመሰገናል። በበዓል ቀንም በመኳንንቱ ፊት በሰምና ወርቅ ሹሙን የሚነካ ቅኔ ሲሰማ፣ አዋቂው ፈገግ ይላል፤ ያልገባው ያልፈዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያ ጉባኤ ለጠባይ ጥፋት እጅግ ጨካኝ ሆኖ ሳለ፣ ለሐሳብ ስሕተት ግን ሌላ መድኃኒት ነበረው። የሐሳብ ስሕተት የሚታረመው በሐሳብ ነበር። መምህሩ የተሰበረውን ቅኔ የሚጠግነው ራሱ የተሻለ ቅኔ ነግሮ ነው እንጂ ባለቅኔውን ከጉባኤ አስወጥቶ አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ሲቋቋም ከአባቶቹ አለንጋውን ወረሰ፤ ጉባኤውን ግን ረሳ።

ዘመናዊው ትምህርት የተስፋፋው በንጉሠ ነገሥቱ ጥላ ሥር ነው። ትምህርት የንጉሡ ስጦታ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ የተማሪው ጥያቄ እንደ ውለታ መርሳት ይቆጠር ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የመናገር ነፃነትን በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን ቢደነግግም፣ ቃሉ ከወረቀት እስከ መማሪያ ክፍል ድረስ ያለውን መንገድ አልተጓዘም።

የመጀመሪያው ጉልህ ፈተና የመጣው በግጥም በኩል ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥም ያነብቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ታምሩ ፈይሳ «ደኻው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አቀረበ። ርእሱ ራሱ የዘመኑን ነገር ይናገራል፤ እስከዚያ ቀን ስለ ደኻው ይነገር ነበር እንጂ ደኻው አይናገርም ነበርና። ከዚያ በኋላ መድረኩ በባለሥልጣናት ዘንድ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር። በሰምና ወርቅ ያደገ አገር በአንድ የግጥም መድረክ ሊደነግጥ ባልተገባው ነበር፤ ሆኖም ደነገጠ።

በግጥም የተዘጋው በር በሰልፍ ተከፈተ። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተመሙ። ምላሹ ከመሪዎቹ መካከል ከትምህርት ማገድ ሆነ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ሰልፍ ለማድረግ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን የሚያስገድድ አዋጅ ወጣ፤ ተማሪዎች ይህንኑ አዋጅ በመቃወም ሲነሡ ፖሊስ ገጠማቸው። እያንዳንዱ እርምጃ በጊዜው «ሥርዓት ማስከበር» ተባለ። እያንዳንዱም እርምጃ ቀጣዩን ጥያቄ ከፊተኛው ይልቅ አከረረው።

እዚህ የተቀመጣችሁ አረጋውያን ይህ የከተማ ልጆች ወግ ብቻ እንዳልነበረ ታውቃላችሁ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም የጎጃም ገበሬ፣ በተለይም በሞጣና በብቸና አውራጃዎች፣ ሲነሣ፣ ነገሩ የጀመረው በአቤቱታ ነበር። ገበሬው ሽማግሌ መርጦ ላከ፤ ግብሩ ርስቱን የሚያስነጥቀው መስሎት መፍራቱን ተናገረ። አቤቱታው እንደ አመፅ ተቆጠረ፤ ጦር ተላከ፤ የጦር አውሮፕላን ሳይቀር ታዘዘ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ግብሩም በታሰበው መንገድ ሳይሰበሰብ ቀረ። አስቀድሞ ቢደመጥ ኖሮ በቃል ሊያልቅ ይችል የነበረ ነገር ሰው ከሞተበት በኋላ በቃል አለቀ። ስለዚህ ጠይቆ እንደ አመፀኛ መቆጠር ምን ማለት እንደሆነ ከጎጃም ገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም። የልጁን ጥያቄ ሲሰማ ይህንን ቢያስታውስ መልካም ነው።

አሁን በአንድ ወር ውስጥ በሁለት አገሮች የሆነውን ጎን ለጎን ላሳያችሁ። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዴ ሞይን በምትባል ከተማ፣ በቬትናም ጦርነት የሞቱትን ለማሰብ ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1965 ከትምህርት ታገዱ። ከመካከላቸው አንዷ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ወላጆቻቸው ከሰሱ፤ ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 1969 በሰባት ድምፅ ለሁለት ለልጆቹ ፈረደ። የውሳኔው ፍሬ ሐሳብ፣ ተማሪ የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፍ መብቱን ውጭ ጥሎ አይገባም፤ ትምህርት ቤቱ ንግግርን ሊከለክል የሚችለው ትምህርቱን በእውነት የሚያውክ ወይም የሌሎችን መብት የሚነካ ሲሆን ነው፤ ንግግሩ ስላልተወደደ ወይም ችግር ይመጣል ተብሎ ስለተፈራ ብቻ መቅጣት አይቻልም፣ የሚል ነበር።

ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰሞን በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት ለድኻው ልጅ እንዲዳረስ እየጠየቁ ትምህርት አቁመው ነበር። የእነርሱን ጉዳይ የመረመረ ዳኛ አልነበረም። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ተማሪዎች ታሰሩ። በዓመቱ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኩሰው ሌሎች ተማሪዎች ሞቱ። አንዱ አገር ጥያቄውን ለዳኛ ሰጠው፤ ሌላው ለወታደር ሰጠው። የአሜሪካው ፍርድ ቤት ከእኛ ሰዎች ይልቅ ጻድቅ ነበር እያልሁ አይደለም፤ በዚያው አገር ከዚያ በኋላ የተማሪን መብት ያጠበቡ ውሳኔዎችም ተሰጥተዋል። ልዩነቱ ጥያቄው የሚሰማበት መድረክ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

መድረክ ያጣ ጥያቄ ምን እንደሚሆን የካቲት 1966 ነገረን። «ሴክተር ሪቪው» ተብሎ የሚታወቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት አብዛኛውን ልጅ በጥቂት ዓመት ትምህርት ብቻ ያስቀረዋል የሚል ሥጋት በወላጁም በመምህሩም ዘንድ ተሰራጨ። መምህራን የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ተማሪዎች ተከተሏቸው፤ የታክሲ ነጂውም የራሱን ብሶት ይዞ ወጣ። ዘውዱ በአዲሱ ዓመት መግቢያ፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወደቀ። በእርግጥ ዘውዱን የጣለው የተማሪ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ረኃቡም፣ ወታደሩም፣ የኑሮ ውድነቱም ነበሩ። ነገር ግን ለ13 ዓመታት በእገዳ ሲመለስ የኖረው ጥያቄ በዚያ ጎርፍ ውስጥ አንዱ ዋና ጅረት ነበር።

በዝምታ ቅጣት ያደገ ትውልድም መደማመጥን አልተማረም። ይህን ስል በሐዘን ነው። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ፤ ብዙም ሳይቆይ ልዩነት በጥይት የሚፈታበት ዘመን መጣ። በቀይ ሽብር የወደቁት አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። በተማሪው ንቅናቄ ውስጥም ቢሆን ከእኔ የተለየ ሁሉ ጠላት ነው የሚል መንፈስ ነግሦ ነበር። እርሱን ከየት ተማሩት? ሐሳብ በሐሳብ ሲታረም ያላየ ልጅ፣ ተራው ደርሶ ሥልጣን ሲይዝ የሚያውቀው መሣሪያ ያንኑ የተቀጣበትን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ተለውጧል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀረው፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ እንዲደመጥ፣ ሐሳቡን እንዲገልጽ፣ የትምህርት ቤት ሥርዓትም ሰብአዊ ክብሩን በጠበቀ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ለማንኛውም ሰው ሐሳቡን የመግለጽ መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። እንግዲህ የእኔ መንበርከክ፣ ያለፋችሁበት ሁሉ የምታውቁት ያ የጠጠር ላይ መንበርከክ፣ በአገሪቱ የበላይ ሕግ የተከለከለ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ተማሪው አያውቀውምን? ያውቀዋል። በዜግነት ትምህርት መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ለፈተና ያጠናዋል፤ በትክክል ከመለሰም ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ያንኑ አንቀጽ ግን በሚኒ ሚዲያ ሊጠቀምበት ሲሞክር «ሥርዓት የለሽ» ይባላል። በክፍል ውስጥ የሚያስመሰግነው በግቢው ውስጥ የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው አንቀጹን አይደለም፤ ሕግ ማለት የሚጠናና የማይነካ ነገር መሆኑን ነው። ይህ ከየትኛውም የዲሲፕሊን ጉድለት የከፋ ትምህርት ነው።

ከሕጉ መለወጥ በኋላም ያው ታሪክ ተደግሟል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታጠቁ ጥበቃዎች ከግቢያቸው እንዲወጡ፣ ማኅበራቸው በነፃነት እንዲሠራና ጋዜጣቸው እንደገና እንዲታተም ጠየቁ። ጥያቄው በግቢ ውስጥ ሊያልቅ የሚችል ነበር፤ ነገር ግን ወደ ከተማ ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በርካቶች ታሰሩ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የመጫወቻ ሜዳና የደን መሬት ሊወሰድ ነው ብለው አስቀድመው ድምፃቸውን ያሰሙት ተማሪዎች ነበሩ፤ ያ ድምፅ ከጊዜ በኋላ የአገሪቱን ፖለቲካ ለወጠው። ሁለቱም ጥያቄዎች ሲጀመሩ ትንሽ ነበሩ።

የተከበራችሁ መምህራን፣ እስካሁን የተናገርሁትን ስትሰሙ ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ እኔም የቆምሁት ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ነውና። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አርባ ደቂቃ ለማስተማር የሚታገል መምህር ጸጥታ ያስፈልገዋል። ሁሉም ንግግርም መብት አይደለም። ጓደኛውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በአካል ጉዳቱ የሚያዋርድ፣ ሴት ተማሪን በነውር ቃል የሚያሸማቅቅ፣ ለድብድብ የሚያነሣሣ ልጅ «ሐሳቤን ገለጽሁ» ሊል አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱም የሰውን ክብርና የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ገደብ እንዲደረግ ይፈቅዳል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም ልጅ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን ደንግጎ፣ ወላጆቹንና ታላላቆቹን የማክበር ግዴታውንም አብሮ ጽፏል። ማክበር ግን ከመጠየቅ ጋር አይጣላም። የቅኔው ተማሪ የኔታን እግር እያጠበ በጉባኤ ይሞግታቸው ነበር።

ስለዚህ አንድ ተማሪ በተናገረው ነገር ተከስሶ ሲቀርብ፣ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴውም ሆነ ወተመህ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ቢጠይቅ ታሪካችን የሚመክረውን ፈጸመ እላለሁ። የመጀመሪያው፦ ልጁ የተከሰሰው ባደረገው ነው ወይስ በተናገረው? በተናገረው ከሆነ፣ ቃሉ እንዳለ በመዝገብ ይጻፍ፤ «መምህር ደፈረ» ወይም «ረበሸ» የሚል ጥቅል ስም አይበቃም። ብዙ በደል የሚሸሸገው በጥቅል ስም ውስጥ ነውና። ሁለተኛው፦ ንግግሩ ትምህርቱን በእውነት አስተጓጎለ ወይስ የሌላውን ክብር ነካ? ወይስ ኃላፊውን አሳፈረ ብቻ? ኃላፊን ማሳፈር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ አገልግሎት ነው። ሦስተኛው፦ ልጁ ከመቀጣቱ በፊት ተደምጧልን? በአሜሪካ ተማሪን ለጥቂት ቀናት እንኳ ከማገድ በፊት ክሱን መንገርና ቃሉን መስማት ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1975 በተሰጠ ፍርድ ነው። እኛ ግን ይህን ለማወቅ ፍርድ ቤት አያስፈልገንም፤ በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌዎቻችን የግራ ቀኙን ቃል ሳይሰሙ ፈርደው አያውቁም። ለከብት ድንበር ማለፍ የምንሰጠውን ዳኝነት ለልጃችን መንፈግ አይገባንም።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። «ወላጅህን ይዘህ ና» ተብላችሁ ስትጠሩ፣ ይቅርታ ከመጠየቃችሁ በፊት «ልጄ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አጥፍቶ ከሆነ አብራችሁ ገሥጹት። ጠይቆ ብቻ ከሆነ ግን ለጥያቄው መልስ እንዲሰጠው ጠይቁለት። ይህ መምህሩን መድፈር አይደለም። ለተማሪዎችም፦ መብታችሁ የሚከበረው ቃላችሁን ስታርሙት ነው። ያላጣራችሁትን አትናገሩ፤ ሰውን ትታችሁ ጉዳዩን ጠይቁ፤ ሌላው ሲናገርም እናንተ የምትሹትን ጆሮ ስጡት።

የዚህ ዞን ሕዝብ የትምህርት ቤት በር ተከፍቶ መዋሉ ራሱ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። በሩ ሲከፈት ግን ወደ ውስጥ የሚገባው የልጁ አካል ብቻ እንዳይሆን እመኛለሁ።

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ብዙ መንገድ ዝም ብለን ተጓዝን። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ቆም አለና «ለመሆኑ ምን ብለህ ነው?» አለኝ። እንዳለ ነገርሁት። አልተቆጣኝም። ዱላውን ተደግፎ ጥቂት ካሰበ በኋላ፣

«ቧንቧውስ ተጠገነ?» አለኝ።

«አልተጠገነም» አልሁት።

ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከብዙ መጻሕፍት የተሻለ የተማርሁት ከዚያች ጥያቄ ነው። ሁሉም ሰው ስለ ልጁ አፍ ሲጨነቅ፣ ስለ ቧንቧው የጠየቀ እርሱ ብቻ ነበር። እርሱም የጠየቀው ማንም በማይሰማበት፣ በወንዝ ማዶ ነው። ያችን ጥያቄ ከወንዝ ማዶ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ወደ ወተመህ ጠረጴዛ ማሻገር የእኛ የዛሬዎቹ ሥራ ነው።

አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ከተማሪዎቹ ብንጀምር ደስ ይለኛል።